ስፖርቱ ሲጠራ የማን ስም ይቀድማል? በጎጃም ለሚሠራ የስም ጥናት መመሪያ

«ማራቶን» ሲባል አበበ ቢቂላ፣ «ቦክስ» ሲባል መሐመድ አሊ፣ «መቶ ሜትር» ሲባል ቦልት። ሰው አውጥቶ አውርዶ ሳይጨርስ ከአፉ የሚያመልጠው ስም በሕዝብ ልብ ያንን ስፖርት የሚወክለው ነው። የደብረ ማርቆስ፣ የፍኖተ ሰላም፣ የቡሬ ወይም የዳንግላ ትምህርት ቤት ስፖርት ክበብ ይህን ስም ከአካባቢው ሰው ሰብስቦ፣ ቆጥሮ፣ በሰሌዳ ለመለጠፍና በሚኒ ሚዲያ ለማንበብ ሁለት ሳምንት ይበቃዋል። ወጪው የወረቀትና የስክሪብቶ ነው። ቆጠራው ማንንም አያስቸግርም፤ ሥራው የሚበላሸው ጥያቄው ከአፍ ሲወጣ ነውና ድካማችሁን እዚያ ላይ አድርጉት።

ምን እንደምትጠይቁ ቁረጡ

ቀድሞ የሚመጣው ስም፣ ምርጡ ስፖርተኛና የሚወደደው ስፖርተኛ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ማራቶንን እንውሰድ። በሰዓት ከሄድን ኬንያዊው ኬልቪን ኪፕተም እ.ኤ.አ. በ2023 ቺካጎ ላይ 2:00:35 ገብቷል፤ አበበ ሮም ላይ የገባው በ2:15:16 ነው። ኤሊውድ ኪፕቾጌም እንደ አበበ ሁለት የኦሊምፒክ ማራቶን ወርቅ አለው። «ምርጡ ማን ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ወጣት ይህን ሁሉ ማመዛዘን ይጀምራል፤ ትንሽ ቆይቶም ስልኩን ያወጣል። ከዚያ በኋላ የምትጽፉት የጎግልን መልስ ነው። እናንተ የምትፈልጉት ሰውየው ማመዛዘን ሳይጀምር በፊት ያለውን ነው።

ስለዚህ ጥያቄው አንድ ይሁን፤ በየጠያቂው አፍም አይቀያየር፦ «የስፖርት ስም እጠራለሁ። መጀመሪያ የመጣልህን የአንድ ሰው ስም ንገረኝ። ካልመጣልህ ‹የለም› በል።» ለሴት «የመጣልሽን»፣ ለትልቅ ሰው «የመጣልዎትን» ይባላል። «ታዋቂው ተጫዋች ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ሴቶቹን ከመልሱ ያስወጣል። «ጀግናችን ማን ነው?» ማለትም አይበጅም፤ የውጭ ሰው ስም የመጣለት ሰው አፍሮ ይውጠዋል።

የስፖርቶቹ ዝርዝር

ከ12 አትለፉ። ከዚያ ሲበልጥ ሰው ይሰለችና የመጨረሻዎቹን በሙሉ «የለም» እያለ ያልፋቸዋል። ለጎጃም የሚሆን ዝርዝር ይህ ነው፦ ማራቶን፣ የወንዶች 5 ሺህና 10 ሺህ ሜትር፣ የሴቶች 5 ሺህና 10 ሺህ ሜትር፣ አጭር ርቀት ሩጫ፣ የአገር ውስጥ እግር ኳስ፣ የውጭ እግር ኳስ፣ ብስክሌት፣ ቦክስ፣ ቅርጫት ኳስ፣ ዋና፣ ካራቴና ቴኳንዶ፣ የፈረስ ጉግስ። የገና ጨዋታን መጨመር የፈለገ ቅርጫት ኳስን ያውጣ። ጎልፍና የመኪና ውድድር አይግቡ፤ ታይገር ውድስን ወይም ሹማከርን የሚጠሩ ጥቂቶች ቢኖሩም ለሌላው ሰው ባዶ ካርድ ነው።

«አትሌቲክስ» የሚል አንድ ካርድ ማዘጋጀት የተለመደ ስህተት ነው። እንዲያ ሲሆን ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሁሉንም ይጠቀልልና አበበም፣ ደራርቱም፣ ምሩጽ ይፍጠርም ጥላው ውስጥ ይቀራሉ። እግር ኳስንም ለሁለት ካልከፈላችሁት ሜሲና ሮናልዶ ይቀራመቱታል፤ መንግሥቱ ወርቁን፣ ሳላዲን ሰኢድን ወይም ሎዛ አበራን የሚያስታውስ ሰው መልሱን የሚያኖርበት ቦታ ያጣል። የሴቶች ሩጫ ለብቻው ካርድ የተሰጠውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ዕቃና ሰው

ወፍራም ወረቀት ከተገኘ ሦስት ኤ4 በአራት በአራቱ ሲቆረጥ 12 ካርድ ይወጣል። በእያንዳንዱ ላይ የስፖርቱ ስም ብቻ በትልቁ ይጻፍ። ሥዕል አይኑርበት፤ ባዶ እግር ከሣላችሁ መልሱን ራሳችሁ ነግራችሁታል። አራት ቡድን ቢሠራ አራት ጥቅል ካርድ ያስፈልጋል። ቡድኑ ሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይጽፋል። አንድ ሰው ሁለቱንም ሲያደርግ ቀና ብሎ ጠይቆ ጎንበስ ብሎ ሲጽፍ የሚቀጥለው መልስ ያመልጠዋል።

ለ120 ሰው 120 መመዝገቢያ ያዘጋጁ፤ ሁለቱ በአንድ ኤ4 ስለሚገቡ 60 ወረቀት ይበቃል። ከላይ የሚጻፈው ቦታው፣ ቀኑ፣ የዕድሜ ክልሉ (ከ20 በታች፣ ከ20 እስከ 45፣ ከ45 በላይ) እና ጾታው ብቻ ነው። የተጠያቂው ስም፣ ስልክና ቀበሌ አይጻፍ። ሰው ስሙ እየተጻፈ መሆኑን ካየ ወይ ይሸሻል ወይ ሊያስመሰግነው የሚችለውን መልስ ይፈልጋል።

120ው ከአራት ቦታ ይምጣ፤ ከየቦታው 30፣ ከየዕድሜ ክልሉ 10፣ ግማሹ ሴት። ቦታዎቹ ትምህርት ቤት፣ መናኸሪያ፣ የከተማው ገበያና አንድ የገጠር ቀበሌ ቢሆኑ መልካም ነው። ወደ ገጠሩ በእርሻና በአጨዳ ሰሞን መሄድ ሰውን ማስቸገር ነው፤ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም ወይም በእሑድ ከሄዳችሁ ሰው ከሥራ ውሎ ታገኙታላችሁ። ከመሄዳችሁ በፊት ከትምህርት ቤቱ የተጻፈ፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይያዝና ለቀበሌው ይታይ፤ ወረቀት ይዞ የሚጠይቅ ወጣት ጥያቄ ያስነሳል።

ደብረ ማርቆስ ከተማ ውስጥ ብቻ ጠይቃችሁ ርእሱን «የጎጃም ሕዝብ» አትበሉት። ከዓባይ በረሃ ማዶ ከደጀን እስከ ጣና ዳር፣ ከሞጣ እስከ እንጅባራ ያለ አገር በአንድ መናኸሪያ አይወከልም። «የደብረ ማርቆስ ከተማ 120 ነዋሪዎች» ቢባል ማንም አይከራከራችሁም።

አጠያየቅ

ማንን እንደምትጠይቁ አስቀድማችሁ ወስኑ፤ ለምሳሌ በመግቢያው ከሚያልፉት አምስተኛውን ሰው። ሕግ ከሌለ ጠያቂው ሳያውቀው ቱታ የለበሰውን፣ የቡድን ማሊያ ያጠለቀውን፣ የሚያውቀውን ጓደኛ ይመርጣል፤ እናቶችና ሽማግሌዎች ይቀራሉ። ካርዶቹ ለእያንዳንዱ ተጠያቂ ይበወዙ። ማራቶን ሁልጊዜ ከቀደመና አንዱ ኃይሌን ከጠራ፣ በሚቀጥለው የ10 ሺህ ካርድ «እሱንማ አልኩት» ብሎ ሌላ ስም ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ ስም በሁለት ካርድ መደገም እንደሚችል ከመጀመሪያው ይነገረው።

አንድ ሽማግሌ ጋ ሲደረስ ነገሩ እንዲህ ይሄዳል፦

«እንደምን ዋሉ አያ? ከትምህርት ቤት ስፖርት ክበብ ነን። ስምዎን አንጽፍም። የስፖርት ስም ስንጠራ መጀመሪያ የመጣልዎትን የአንድ ሰው ስም ይንገሩን፤ ካልመጣልዎት ‹የለም› ይበሉን።»
«እሺ፣ ጠይቁ።»
«ማራቶን።»
«አበበ ቢቂላ።»
«ዋና።»
«የለም። ምን ዋና አለ እዚህ?»
«እሺ። የሴቶች 5 ሺህና 10 ሺህ ሜትር።»
«ያቺ... ደራርቱ።»

ጸሐፊው የጻፈው «አበበ ቢቂላ»፣ «የለም»፣ «ደራርቱ» ነው። ጠያቂው «ጣና እያለልዎት?» ብሎ አልተጫወተም፣ «ጎበዝ!» አላለም፣ ፊቱንም አልለወጠም። ማሞገስ እንደ ማረም ሁሉ ይጎዳል፤ የተመሰገነ ሰው በሚቀጥለው ካርድ ትክክለኛውን መልስ ፍለጋ ይገባል። ከእያንዳንዱ ካርድ በኋላ በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ፤ ካልመጣ «የለም» ተብሎ ይለፍ። ሁለት ስም ከጠራ መጀመሪያ የወጣው ብቻ ይቆጠራል፤ ሁለተኛው በኅዳግ ይጻፍ። አንዱ ለእግር ኳስ «ኃይሌ» ቢል ኃይሌ ተብሎ ይጻፋል፤ ሰውን ማረም የእናንተ ሥራ አይደለም። ሙሉው ጥያቄ ለአንድ ሰው ከአራት ደቂቃ አይበልጥም።

ትምህርት ቤት ውስጥ በጽሑፍ መጠየቅ ይቀላል። መምህሩ ካርዱን ያነሣል፣ ተማሪው ይጽፋል፣ ወረቀቱን ይገለብጣል። በቃል ክፍል ውስጥ ከጠየቃችሁ የመጀመሪያው ጮሌ የተናገረው ስም የ40 ተማሪ መልስ ይሆናል። ጠላ ቤትና ቡና ቤትም ችግሩ ያው ነው። ሰዉን ከጠረጴዛው ለይታችሁ ካልጠየቃችሁ ትልቁ ሰው የተናገረውን ሌላው ለአክብሮት ይደግመዋል፤ ወይም ክርክር ይነሣና የእናንተ ወረቀት ይረሳል።

የዲኤስቲቪ ቤትን በጨዋታ ቀን ራቁት። የውጭ እግር ኳስ ካርድ ላይ የምታገኙት ከአንድ ሰዓት በፊት ግብ ያገባውን ሰው ነው። ትልልቅ ውድድሮችም እንዲሁ ያደርጋሉ። ታምራት ቶላ ፓሪስ ላይ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 በ2:06:26 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ባሸነፈ ሳምንት የተጠየቀ ሰው የዚያን ሳምንት ዜና ይነግራችሁ ነበር። ውድድሩ ካለቀ ቢያንስ ሁለት ወር ይለፍ። ጠያቂዎቹም ማሊያ አይልበሱ፤ ከጀርባቸው የስፖርተኛ ፖስተር የተለጠፈበት ሱቅ በር ላይም አይቁሙ።

መልሱ ስም ሳይሆን ሲቀር

ብዙ ክበብ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ሰው ሁልጊዜ ሙሉ ስም አይናገርም፤ ቅጽል ይጠራል፣ ታሪክ ይናገራል፣ ቡድን ይጠራል፣ ፈረስ ይጠራል። ለእነዚህ ሁሉ ሕግ አውጥታችሁ ካልጀመራችሁ ቆጣሪዎቹ እንደየስሜታቸው ይደለድሉታል።

ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን ቅጽል ወይም ገለጻ እንደ ስም ይቆጠራል። «ማርሽ ቀያሪው» ምሩጽ ይፍጠር ነው። «ባዶ እግሩን የሮጠው» አበበ ነው። «የቤቆጂዋ ልጅ» ግን አይቆጠርም፤ ደራርቱ ቱሉም፣ ፋጡማ ሮባም፣ ጥሩነሽ ዲባባም ከዚያው አካባቢ ናቸው። እንዲህ ሲሆን አንድ ጊዜ ብቻ «የትኛዋ?» ይባልና ካልተለየ «ያልተለየ» በሚለው ረድፍ ይገባል።

«ዲባባ» ብቻ ከተባለ ሦስት እህትማማቾች አሉ፦ እጅጋየሁ (አቴንስ 2004፣ በ10 ሺህ ብር)፣ ጥሩነሽና ገንዘቤ። «ግርማይ» ሲባል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የብስክሌት ውድድር የተሳተፈው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፅጋቡ ግርማይ ሊሆን ይችላል፣ ወይም በ2024 እዚያው ሦስት የዕለት ውድድር አሸንፎ የነጥብ አሸናፊውን አረንጓዴ ማሊያ የወሰደው ኤርትራዊው ቢኒያም ግርማይ። ዋናው ወጥመድ «ሮናልዶ» ነው። ከ45 በላይ የሆነ ሰው ብራዚላዊውን፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የዓለም ዋንጫ 8 ግብ ያገባውን ሊሆን ይችላል ያለው፤ ወጣቱ ፖርቹጋላዊውን። ሁለቱን ያደባለቀ ሰሌዳ ማንም ያልጠራውን ሦስተኛ ሰው አሸናፊ ያደርጋል። መለያ ጥያቄው ስሙ ከወጣ በኋላ ብቻ ይጠየቃል፦ «ብራዚላዊው ነው ፖርቹጋላዊው?»

ቡድን ሲጠራ (አርሴናል፣ ጊዮርጊስ፣ የጣና ሞገዶቹ) «ቡድን» በሚል ረድፍ ይጻፍ፤ ወደ ተጫዋች አትለውጡት። አሠልጣኝ ሲጠራ ይቆጠራል፣ ግን ምልክት ይደረግበት። ሩጫ ላይ ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬን፣ እግር ኳስ ላይ ዋልያዎቹን ከ31 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. ወደ 2013ቱ የአፍሪካ ዋንጫ የመለሰውን ሰውነት ቢሻውን የሚጠራ ሰው አይጠፋም። ይድነቃቸው ተሰማ የተለየ ነው፤ ለጊዮርጊስ ተጫውቷል፣ አሠልጥኗል፣ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1987 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መርቷል። ያለ ምልክት ይግባ።

ካራቴና ቴኳንዶ ላይ የፊልም ሰው መምጣቱ አይቀርም። ብሩስ ሊ፣ ጃኪ ቻን፣ ጄት ሊ ይባላል። ጄት ሊ ፊልም ከመጀመሩ በፊት በቻይና የዉሹ ሻምፒዮን ነበር፤ ጃኪ ቻን ተዋናይ ነው። ለእናንተ ልዩነት የለውም፤ የተጠራ ሁሉ ይቆጠር። ቶኪዮ ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በቴኳንዶ የተወዳደረው ሰለሞን ቱፋ በቪዲዮ ቤት ጀግኖች ተበልጦ ከተገኘ፣ ከጥናቱ ውስጥ ደጋግሞ የሚያወያየው ውጤት ይህ ነው።

ጉግስ ከሁሉም ይለያል። በእንጅባራ በየዓመቱ ጥር 23 የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ስለሚከበር በአዊ በኩል ካርዱ ባዶ አይሆንም፤ የሚመጣው ግን የታወቀ ስፖርተኛ ስም ሳይሆን የመንደር ፈረሰኛ፣ «አባቴ»፣ ወይም የፈረስ ስም ነው። አባ ታጠቅ ቢል ቴዎድሮስን፣ አባ ዳኘው ቢል ምኒልክን፣ አባ በዝብዝ ቢል ዮሐንስን መጥራቱ ነው፤ ለሌላ «አባ» ግን ማን እንደሆነ ይጠየቅ። ሦስት ረድፍ አዘጋጁ፦ የታሪክ ሰው፣ የአካባቢ ፈረሰኛ፣ ቤተሰብ። የአካባቢ ሰው ስም በሰሌዳ የሚወጣው ባለቤቱ ተጠይቆ ከፈቀደ ብቻ ነው። የገና ጨዋታን የጨመረ ክበብም እንዲሁ ያድርግ፤ እዚያ የሚጠራው ሰው ከመንደር መንደር ስለሚለያይ አሸናፊ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

ላንስ አርምስትሮንግስ? ሰባቱ የቱር ደ ፍራንስ ድሎች እ.ኤ.አ. በ2012 በአበረታች መድኃኒት ምክንያት ተሰርዘውበታል። የጠራው ካለ ይቆጠራል። የሕዝብ ትዝታ የፌዴሬሽን መዝገብ አይደለም። የድሉ መሰረዝ ግን በማብራሪያው ካርድ ላይ ይጻፍ።

ቆጠራ

መልሱን ወደ ኤክሴል የሚያስገቡ ክበቦች የሚደናቀፉት በፊደል ነው። ኃይሌ፣ ሃይሌ፣ ሀይሌ፣ ኀይሌ ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒውተሩ አራት ሰው ነው። ፅጋቡና ጽጋቡ፣ ሰለሞንና ሠለሞንም እንዲሁ ናቸው። በዚህ ብቻ አንደኛ የሆነ ሰው አራተኛ ሊወርድ ይችላል። መፍትሔው ስም አለመጻፍ ነው። መጀመሪያ የተጠሩት ስሞች ዝርዝር ይውጣ፣ ለእያንዳንዱ ቁጥር ይሰጠው (101 አበበ ቢቂላ፣ 102 ኃይሌ ገብረ ሥላሴ፣ 900 የለም፣ 901 ያልተለየ፣ 902 ቡድን)፣ ኤክሴል ውስጥ ቁጥሩ ብቻ ይግባ። ሁለት ሰው ለየብቻ ይቁጠር፤ ድምሩ ካልተስማማ ወደ ወረቀቱ ይመለሱ። ኮምፒውተር ከሌለ በአምስት በአምስት እየሠረዙ መቁጠርም ያው ነው፤ ለ120 ሰው ግማሽ ቀን አይፈጅም።

መቶኛ ሲሰላ አካፋዩ ሁልጊዜ የተጠየቀው ሰው ሁሉ ነው። ለምሳሌ ያህል በዋና ካርድ ከ120 ሰው 94ቱ «የለም» አሉ፣ 26ቱ ስም ጠሩ፣ ከእነሱ 17ቱ ማይክል ፌልፕስ አሉ እንበል። 17ን ለ26 ካካፈላችሁት 65 ከመቶ ይመጣና «ፌልፕስ በሰፊ ልዩነት» ትላላችሁ። እውነቱ 17 ለ120፣ ማለትም 14 ከመቶ ነው። 23 የኦሊምፒክ ወርቅ ያለው ሰው በዚህ ገበያ አይታወቅም ማለት ነው፤ ዜናውም እሱ ነው። «የለም» የሚለው ረድፍ በሰሌዳው ላይ ከስሞቹ እኩል ይታይ።

የ120 ሰው ጥናት፣ ሰዎቹ በዕጣ ተመርጠው ቢሆን እንኳ፣ ወደ 9 ከመቶ ያህል ወደላይም ወደታችም ሊያወላውል ይችላል፤ በገበያ የተጠየቀ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ስለዚህ አንዱ 38፣ ሌላው 34 ድምፅ ቢያገኝ አሸናፊ የለም፤ ሁለቱንም ጎን ለጎን ጻፉ። የሚመከረው መለኪያ ይህ ነው፦ ከተጠየቁት ሁሉ 40 ከመቶና በላይ አግኝቶ ሁለተኛውን በ15 ከመቶ የበለጠ «ወካይ» ይባል። ከዚያ በታች ሆኖ በግልጽ የመራ «ቀዳሚ» ይባል። «የለም» ከግማሽ ካለፈ ስፖርቱ ወካይ የለውም። ቁጥሩ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ክበቡ ሌላ መወሰን ይችላል፣ ነገር ግን ውጤቱን ሳያይ ይወስን።

ቀጥሎ በዕድሜ ይከፈል። አንድ ስም በሦስቱም የዕድሜ ክልል አንደኛ ከሆነ ጠንካራ ነው። በወንዶች 10 ሺህ ሜትር ሽማግሌው ምሩጽን፣ ጎልማሳው ኃይሌን፣ ወጣቱ ቀነኒሳን ወይም ሰለሞን ባረጋን ጠርቶ ከሆነ ድምሩን ብቻ ማውጣት ውጤቱን መደበቅ ነው፤ ሦስቱም ዓምድ ይለጠፍ።

የስሙ ማብራሪያ ካርድ

ለእያንዳንዱ አሸናፊ ሁለት መስመር ማብራሪያ ይጻፋል፤ ሰው በብዛት የሚሳሳተው ግን እዚህ ነው። ቀጥሎ ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር እ.ኤ.አ. ናቸው።

አበበ ባዶ እግሩን የሮጠው ሮም ላይ ነው። በቶኪዮ 1964 ጫማ አድርጎ ነበር፤ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ አንድ ወር ጥቂት ቢያልፈው 2:12:11 ገብቶ የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በሜክሲኮ 1968 ያሸነፈው ማሞ ወልዴ ነው። ኃይሌ በኦሊምፒክ ማራቶን ወርቅ የለውም፤ ሁለቱም ወርቆቹ (አትላንታ 1996፣ ሲድኒ 2000) በ10 ሺህ ሜትር ናቸው፣ ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነው። የማራቶን ክብሩ በርሊን ላይ በ2008 የገባው 2:03:59 ነው። ምሩጽ ሙኒክ 1972 ላይ ያገኘው በ10 ሺህ ነሐስ ነው፤ ሁለቱ ወርቆች የሞስኮ 1980 ናቸው። ደራርቱ ባርሴሎና 1992 ላይ በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ናት፤ ሲድኒ ላይ ደግማዋለች። የቀነኒሳ 12:37.35 እና 26:17.53 የዓለም ክብረ ወሰንነታቸው በ2020 በኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ አብቅቷል፤ የቆየ ፖስተር ላይ ያለውን እንዳትገለብጡ። ክብረ ወሰን ነክ ቁጥር ሁሉ ሰሌዳው በሚለጠፍበት ሳምንት እንደገና ይጣራ። ጎጃሜዋ ውዴ አያሌው ከተጠራች በ10 ሺህ ሜትር በርሊን ላይ በ2009 የዓለም ሻምፒዮና ነሐስ ያላት ናት።

እግር ኳስ ላይ፣ ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሣችው በ1962 አዲስ አበባ ላይ ግብጽ 4 ለ 2 ተሸንፋ፣ በተጨማሪ ሰዓት ነው፤ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር። መሐመድ አሊ ከተመረጠ አንድ ነገር ይታከል፦ ካሲየስ ክሌይ ተብሎ የኦሊምፒክ ወርቁን የወሰደው አበበ በሮጠበት በዚያው በሮም 1960 ነው። ቦልት ላይ 9.58፣ በርሊን 2009 ይበቃል።

የዓመት ምሕረቱን ለመቀየር ሁሉንም በ8 መቀነስ ያሳስታል። ከእኛ መስከረም 1 እስከ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 31 ያለው በ7፣ ከእ.ኤ.አ. ጥር 1 እስከ እኛ ጳጉሜን መጨረሻ ያለው በ8 ይቀነሳል። ዋንጫው የተወሰደው እ.ኤ.አ. ጥር 21 ቀን 1962 ስለሆነ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው። የቶኪዮ ማራቶን እ.ኤ.አ. ጥቅምት 21 ቀን 1964 ስለነበር ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ይሆናል። የሮሙ ግን ጠርዝ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1960 ማለት ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ አበበ የቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ሲገባ ኢትዮጵያ ውስጥ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር። «በ1953» ብሎ የሚጽፍ ሰው የሚሳሳተው በአንድ ቀን ነው።

ሰሌዳው

120 በ80 ሳንቲ ሜትር ኮምፔንሳቶ ወይም ካርቶን 12ቱን ረድፍ ይይዛል። ከአምስት ሜትር እንዲነበብ የስሙ ፊደል ቁመት 4 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ማብራሪያው ለቀረበ አንባቢ ነው፣ አንድ ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል። ከኢንተርኔት የወረደ ፎቶ ሲታተም ይደበዝዛል፤ የሥዕል መምህሩ በእርሳስ ቢሠራው ይሻላል። ከታች በኩል የተጠየቁት ሰዎች ብዛት፣ ቦታዎቹ፣ ወሩና ጥያቄው ቃል በቃል ይጻፍ።

መመዝገቢያ ወረቀቶቹን አትጣሉ። በሁለተኛው ዓመት ሌላ ክበብ ሲደግመው ያንኑ ጥያቄ፣ ያንኑ 12 ካርድ፣ ያንኑ ቦታና ወር መያዝ አለበት፤ ኦሊምፒክ ያለበት ዓመት ከሆነ ግን ወሩ ይገፋ።